አንድ ጣት፣ አንድ ጣት

የውሃ ጉድጓድ ቁፋሮ የጀመርኩት ማንኩሳ አጠገብ፣ ገመድ ያዥ ሆኜ ነው። የመጀመሪያው ቀን አለቃዬ አያ ምህረቴ መዘውሩን አስጨበጡኝና «ነፍሴ እዚህ ላይ ናት» አሉኝ። የቀለዱ መስሎኝ ሳቅሁ። እሳቸው አልሳቁም።

ውሃ ከተገኘ በኋላ ቆፋሪው ምልክት ያለበት እንጨት ከታች ያቆማል። ጭቃውን በባልዲ ሞልቶ በላከ ቁጥር ውሃው ስንት ጣት ከፍ እንዳለ ጮክ ብሎ ይናገራል። «አንድ ጣት» ይላል፤ ባልዲው ይወጣል፤ ደግሞ «አንድ ጣት» ይላል። ደህና ጉድጓድ አሰልቺ ነው።

«እኩል እየጨመረ እስከሄደ ሥራህን ሥራ» አሉኝ አያ ምህረቴ። «ከዘለለ ግን ግድግዳው እየለቀቀ፣ አፈሩ ውሃው ውስጥ እየገባ ነው። ብሰድብህም አውጣኝ።»

ለዓመታት አልዘለለም። በኋላ ቡሬ አካባቢ የወይዘሮ አለምነሽን ጓሮ ስንቆፍር፣ «አንድ ጣት» ሲሉ የቆዩት አያ ምህረቴ ድንገት በደስታ «አራት ጣት!» አሉ።

ወይዘሮ አለምነሽ እልል አሉ። ዕድሜ ልካቸውን ከወንዝ የቀዱ ሴት ናቸው፤ አልፈርድባቸውም። እኔ ግን መዘውሩን ጨብጬ ጮህኩ።

«አያ ምህረቴ፣ ይውጡ!»

«ዝም በል! ውሃው ገና አሁን መጣልን እኮ። ባልዲውን ላክ።»

ወይዘሮ አለምነሽ ክንዴን ያዙኝ። «ምነው ወንድምዓለም፣ ሲሳያችንን ልትመልስብን ነው?»

ክንዴን አስለቀቅሁና አያ ምህረቴ ወገባቸው ላይ የታሰሩበትን ገመድ በመዘውሩ ጠቀለልኩት። እየተሳደቡ ወጡ። እግራቸው አፋፉን ከመርገጡ የጉድጓዱ አንድ ጎን ተንዶ ወረደ።

ጎንበስ ብዬ ሳይ ቆመውበት የነበረው ቦታ የለም። እጄ መዘውሩን አልለቅ አለ፤ ጩኸቱን ሰምተው የመጡ ጎረቤቶች ናቸው ያላቀቁኝ። አሁን ስጽፈው እንኳ ይዘገንነኛል።

አያ ምህረቴ አፈሩ ላይ ተቀመጡ። «ያስተማርኩህን እኔው ረሳሁት» አሉ። «ውሃው ደስ አሰኘኝ።»

በሚቀጥለው ጉድጓድ መዘውሩን እሳቸው ያዙ፤ እኔ ወረድኩ። ዛሬ ጡረተኛ ሆኜ ቧንቧ ላይ ጀሪካን ሲሞላ እንኳ እኩል ከፍ ማለቱን ሳላስበው እከታተላለሁ። ሚስቴ ትስቅብኛለች።

ለሥራው አዲስ ለሆናችሁ፦ እኩል ሲጨምር የቆየ ነገር ድንገት ከዘለለ፣ ቢያስደስትም መጀመሪያ ሰውየውን አውጡ። ምክንያቱን ከላይ ሆናችሁ ፈልጉ።