የዘለልኳቸው አምስት ቀናት

ይህን ለማንም ነግሬ አላውቅም። ቸርች ውስጥ ማይክ ይዤ ኃጢአቴን ስናዘዝ ሰው ሁሉ አልቅሶልኛል፤ የተናዘዝኩት ግን ሌላ፣ ቀለል ያለውን ነበር። ለእናንተ የምነግራችሁ ስለማታውቁኝ ነው።

እናታችንን ስትሮክ ከመታት በኋላ ጎሮ ባለው ቤታችን ሁለት ዓመት ብቻዬን አስታመምኳት። ከዚያ ታላቅ እህቴ ሶስና አስራ አንድ ዓመት ከኖረችበት አገር መጥታ አገዘችኝ። የዚያ አገር ሕግ ግልጽ ነው፤ ከመቶ ሰማንያ ቀን በላይ ውጭ ከቆየች የመኖሪያ ፈቃዷ ይሰረዛል። የመጣችው ሰኔ ሃያ ነው። አንድ ቀን እማማን እያገላበጥን "ማርቲዬ፣ ቀኔ በእኛ መቼ ነው የሚሞላው?" አለችኝ። እኔ ኦሎምፒያ ትኬት ቢሮ ነው የምሠራው፤ ታምነኛለች። ወሩን በሠላሳ በሠላሳ ቆጠርኩና "ታኅሣሥ ሃያ" አልኳት።

"በቃ፣ የአስራ ስምንቱን ቁረጪልኝ።"

ጳጉሜን ዘልያት ነበር። እስከዚህ ድረስ ስህተት ነው፤ ማን አይሳሳትም?

ቢሮ ገብቼ ትኬቱን ልቆርጥ ቀኑን ወደ ፈረንጅ ስቀይረው ግን አምስት ቀን ጎደለ። ቀኗ የሚሞላው ታኅሣሥ አስራ አምስት ነበር። አየሁት። በአስራ ሦስቱ በረራ ላይ ክፍት ወንበር እንዳለም አየሁ። እኔ ግን የአስራ ስምንቱን ቆረጥኩ። ደክሞኝ ነበር ልበል? ደክሞኝስ ነበር። ግን እውነቱን ልንገራችሁ፣ ቀንቼባት ነው። እሷ ሻንጣዋን ይዛ ትሂድ፣ እኔ ዳይፐር ስቀይር ልኑር? አልኩ በሆዴ።

እዚያ እንደደረሰች ከኤርፖርት መለሷት። ቦሌ ልቀበላት ስሄድ "ጥፋቱ የኔ ነው፣ የራሴን ጣጣ አንቺ ላይ ጭኜ" ብላ አቀፈችኝ። እኔ አጥፍቼ እሷ አባበለችኝ! ይግባኙንም የጻፍኩላት እኔው ነኝ። "በአገራችን የቀን አቆጣጠር ምክንያት ባለማወቅ የተፈጠረ ስህተት" ብዬ በገዛ እጄ ጻፍኩ። ውድቅ ሆነ። አስራ አንድ ዓመት የለፋችበት ኑሮ እንዲያ ቀረ።

አሁን ቡልቡላ አንድ የሕፃናት ማቆያ ውስጥ ትሠራለች። እንግዳ ሲመጣ "ጳጉሜን ረስተን ጉድ ሆንን" እያለች ታስቃለች። ረስተን ትላለች። እኔም አብሬ እስቃለሁ።

ትናንት እማማን አጥባ ስትጨርስ "አንቺ ባትኖሪልኝ እዚህ አገር ምን ይውጠኝ ነበር?" አለችኝ። ፎጣውን አቀበልኳት።

ይቅርታ አድርጉልኝ አልላችሁም። እንዳይከፋት ብዬ ነው የደበቅኳት ብልም ውሸቴን ነው። ብነግራት ከዚህ ቤት ትወጣለች፤ እኔም ከእማማ ጋር ብቻዬን እቀራለሁ። ዛሬም የምፈራው እሱኑ ነው።