የኡስታዝ ሲድአሕመድ ጀርባ

ሸንዲ ከተማ ውስጥ የኡስታዝ ሲድአሕመድን አለንጋ ያልቀመሰ ወንድ ፈልጎ ማግኘት ይከብዳል። ሠላሳ ዓመት ፊዚክስ ሲያስተምር በአንድ እጁ ጠመኔ፣ በሌላው የጉማሬ አለንጋ ነበር። ክፉ ሰው አልነበረም፤ እሱንም እየገረፉ ነው ያስተማሩት። ይሄ ግን ለተገረፈው ምኑ ነው!

አንድ ቀን ሰሌዳው ላይ ካሬ ሣለና አራቱ ማዕዘኖች ላይ አራት እኩል ቻርጆች አስቀመጠ፤ ከላይ ሁለቱ ፖዘቲቭ፣ ከታች ሁለቱ ኔጌቲቭ። መሀሉ ላይ የኤሌክትሪክ ፖቴንሻሉ ስንት ነው ብሎ ጠየቀ። የጀልባ ቀዛፊው የአልአሚን ልጅ ባቢከር እስክሪብቶ እንኳ ሳያነሳ ዜሮ አለ። ኡስታዝ ደሙ ፈላ። እሱ ከየቻርጁ የግፊያ ቀስት አውጥቶ ቢደምር፣ ቀስቶቹ ሁሉ ወደ ታች ተደራርበው አልጠፋ ብለውታል። ታሾፍብኛለህ ብሎ ሸሚዙን አስወለቀው። ልጁ እየተገረፈም «ቀስት የለውም ኡስታዝ፣ ቁጥር ብቻ ነው» ይላል። ይህን ባለ ቁጥር አለንጋው ይብስበታል። ጀርባው ተተልትሎ ደሙ ሱሪው ድረስ ወረደ። አባቱም ኡስታዝን ተዳፍረሃል ብሎ በላዩ ደገመበት፤ በማግስቱ ከትምህርት ቤት አውጥቶ የጡብ ምድጃ ሥራ ላይ ጣለው።

በሳምንቱ ሲድአሕመድ መጽሐፉን ገለጠ። እያንዳንዱን ቻርጅ ለርቀቱ ማካፈል፣ ምልክቱን ሳይጥሉ መደመር፤ በቃ። ቀስቱ የሚያስፈልገው ግፊያው ወዴት ነው ሲባል ነው። ሁለቱ ፖዘቲቮች የሰጡትን ሁለቱ ኔጌቲቮች ይበሉታል፤ ዜሮ። አፈረ። አፍሮም ዝም አለ፤ ኡስታዝ ተሳሳትኩ ይላል እንዴ? የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ ይባላል፤ እሱ ግን ወግቶም አሥራ አራት ዓመት አልረሳም።

ባቢከር ሲያገባ ሲድአሕመድ ሠርጉ ላይ ተገኘ። እንደ ወጉ ሙሽራው በከበሮው መሀል አለንጋውን ይዟል፤ ወዳጁ ነኝ የሚል ሁሉ ጀርባውን ለግርፊያ ይሰጠዋል፤ ንቅንቅ ያለ ተዋርዶ ይቀራል። ጎረምሶቹ ተራ ሲጠብቁ፣ ስልሳ ያለፈው ሲድአሕመድ ጀለቢያውን አውልቆ መሀል ገባ። ሴቶቹ ዘፈናቸውን አቋረጡ። በሽማግሌ ጀርባ ሠርግ አይደምቅም ብሎ አንዱ አሾፈበት። አልሰማውም።

ባቢከር መምታት አልፈለገም ነበር የሚሉ አሉ። ውሸት ነው፤ ፈልጓል። የመጀመሪያው ግርፊያ የሽማግሌውን ቆዳ ከፈተው። በአምስተኛው ደሙ አሸዋው ላይ መንጠባጠብ ጀመረ። ሽማግሌው ጥርሱን ነክሶ ቆመ። ከስምንተኛው በኋላ ዞሮ ሰው ሁሉ እየሰማ ተናገረ።

«ዜሮ ነበር ባቢከር ልጄ። አንተ ልክ ነበርክ፤ ያጠፋሁት እኔ ነኝ።»

ባቢከር አለንጋውን ጣለው።

«እኔማ ያኔም አውቅ ነበር ኡስታዝ» አለ። «መንገር የነበረብዎት ለአባቴ ነው። ሲሞት እንኳ ይቅር አላለኝም።»