የሽንዲው መጋዘን ሰዓት

ዓርብ፣ ከጧቱ አንድ ሰዓት፣ ፍኖተ ሰላም

የቡሬ መኪና እስኪሞላ መናኸሪያው ውስጥ ቆሜ ሻንጣዬን ሁለት ጊዜ ፈተሽኩ። ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ቴስተር፣ ለስላሳ ጨርቅ፣ ብሩሽ፣ ገመድ፣ ትንንሽ ባትሪዎች፤ ሁሉም አለ። ሥራዬ የጥበቃ ካሜራ መትከልና መጠገን ነው። ተከላውን ሰው ሁሉ ይወደዋል፤ ጥገናውን ግን የሚያስታውሰው የለም። አቧራው ካልተጠረገ፣ ገመዱ ካልታየ፣ መቅረጫው ካልተፈተሸ ካሜራ ዓይኑን ገልጦ እንደተኛ ዘበኛ ነው። ይህን ለደንበኞቼ ስናገር አፌ ጥሩ ነው።

ወደ ሽንዲ የምሄደው በጥሪ ነበር። ከሽንዲ ወጣ ብሎ አንድ የገበሬዎች ማኅበር መጋዘን አለ፤ ካሜራውን የሰቀልኩት እኔ ነኝ። የመጋዘኑ ኃላፊ ወይዘሮ ይታይሽ ረቡዕ ደወለችልኝ። «ሦስት ከረጢት ምርጥ ዘር ጎድሏል። ሌባውን ካሜራው ይዞታል። ናና ቪዲዮውን በፍላሽ ገልብጥልን፤ ለፖሊስ እንሰጣለን» አለችኝ። እውነቱን ለመናገር ኮራሁ። እስከ ማንኩሳ ድረስ አጠገቤ ለተቀመጡት ሰውዬ ካሜራዬ ሌባ እንደያዘ ሳወራ ሄድኩ። ሰውዬው ማንኩሳ ላይ ሲወርዱ ተገላገሉ።

በየስድስት ወሩ ሄጄ ልፈትሽ ውል ነበረኝ። የመጨረሻውን ዙር ዘለልኩት። መንገዱ የሚዘጋበት ጊዜ እንደነበረ አገር ያውቃል፤ ክፍት በሆነበት ጊዜም ግን ሰነፍኩ።

ቡሬ፣ ከሰዓት በኋላ

ቡሬ አንድ የእህል ነጋዴ ግቢ ውስጥ አራት ካሜራ አሉኝ። ነጋዴው «ሌሊት ሌሊት ጭጋግ ብቻ ነው የሚያሳየን» አሉ። ጭጋግ አልነበረም፤ ድር ነው። የካሜራው መብራት ትንኝ ይጠራል፣ ትንኟ ሸረሪት ትጠራለች፣ ሸረሪቷም መስተዋቱ ላይ ቤቷን ትሠራለች። ጠርጌ፣ ውኃ የገባበትን አንድ መገጣጠሚያ ቀይሬ ወረድኩ። የድንች ወጥ በቃሪያ በመቶ ሃያ ብር በላሁና እዚያው አደርኩ።

ቅዳሜ፣ ወደ ሽንዲ

ሚኒባሱ ከቡሬ የወጣው ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ነው። መንገዱ ጠጠር ነው፤ የፊተኛው መኪና አቧራ ለኋለኛው ይደርሳል። ግንቦት ስለሆነ ማሳው ሁሉ ታርሶ ዝናብ ይጠብቃል። ከመንገዱ ዳርና ዳር የበርበሬ ችግኝ መደቦች ሣር ለብሰዋል፤ ሴቶች በጣሳ ውኃ ያርከፈክፋሉ። ሾፌሩ እያቆመ ከሚያውቀው ሁሉ ጋር ሰላምታ ስለሚለዋወጥ ማንም አልቸኮለም፣ እኔም አልቸኮልኩም።

መጋዘኑ ጋ ስደርስ ከአጥሩ ውጭ ድንጋይ ላይ የተቀመጡ ሽማግሌ ተነሡልኝ። አያ አለኸኝ ናቸው፤ መጋዘኑን አሥራ አንድ ዓመት የጠበቁ ዘበኛ። ካሜራውን ስሰቅል መሰላሉን የያዙልኝ እሳቸው ነበሩ።

«እንዴት አደርህ ልጄ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። አያ፣ ምነው ከውጭ ተቀመጡ?»

«ወዴት ልግባ? ያ ማሽንህ እኮ ሌባ አለኝ።»

ካሜራዬ ያዘው የተባለው ሌባ እሳቸው መሆናቸውን ያን ጊዜ አወቅሁ።

«ሌሊት ከመጋዘን ገብቼ አላውቅም» አሉኝ። «ቁልፉም ያለው ከይታይሽ ዘንድ ነው። አንድ ቀን ጧት ብቻ ለአንዲት አሮጊት የገዛችውን ሦስት ከረጢት ተሸክሜ ከአህያዋ ጫንሁላት። ይህንን ብነግራቸው፣ የጧቱን አንጠይቅህም፣ የምንጠይቅህ የሌሊቱን ነው ይሉኛል። ቁልፍም አስቀርጸሃል አሉኝ። ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ እጁን የሚዘረጋልኝ ጠፋ፤ ይኸው ዛሬ ደግሞ ለፖሊስ ሊሰጡኝ ነው።»

«እስቲ ልየው» ብዬ ገባሁ። አላመንኳቸውም። ማሽኔን ነበር ያመንኩት።

መጋዘኑ ውስጥ

ይታይሽ ቪዲዮውን አሳየችኝ። መጋዘኑ መስኮት ስለሌለው ካሜራው ቀን ከሌሊት ጥቁርና ነጭ ነው የሚቀርጸው፤ በሩም ከዕይታው ውጭ ነው፤ የበሩ ካሜራ ደግሞ አይሠራም። አያ አለኸኝ ከረጢት በትከሻቸው ይዘው ይወጣሉ፤ ሦስት ጊዜ ተመላለሱ። ከሥሩ ያለው ሰዓት 02:10 ይላል። የማኅበሩ ጸሐፊ አስተማሪ ነው፤ ማሽኑ የሚቆጥረው በፈረንጅ ስለሆነ በእኛ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ከአሥር ነው ብሎ ተርጉሞላቸዋል። ትርጉሙ ልክ ነው፤ እኔም ብሆን እንዲሁ እል ነበር።

ከመገልበጤ በፊት እንደ ልማዴ መቅረጫውን ፈተሽኩ። ሰዓቱ 04:20 ይላል። ስልኬን አየሁ፤ በፈረንጅ 10:20 ነው። ልክ ስድስት ሰዓት ጎድሏል።

«ይታይሽ፣ ያኔ መጋቢት ላይ መብራት ጠፍቶ ማሽኑ ሲበላሽ ሰዓቱን ከምን አይተሽ ሞላሽው?»

«ከእጄ ሰዓት ነዋ!» ክንዷን ዘረጋችልኝ። አራት ሰዓት ከሃያ። «በስልክ 'ሰዓቱን ሙይና እሺ በይ' ያልኸኝ አንተ አይደለህ?»

እውነቷን ነው፤ እኔ ነኝ ያልኳት። ሰዓቱን የምትይዘው ትንሿ ባትሪ ሞታ ነበር፤ መብራት በጠፋ ቁጥር ማሽኑ ሰዓቱን ይረሳል። ሄጄ መቀየር ሲገባኝ ሻይ እየጠጣሁ በስልክ አስሞላሁና ቅጹ ላይ «ተስተካክሏል» ብዬ ጻፍኩ። እሷ በጠፋ ቁጥር አገር በሚቆጥረው ቆጠራ ሞላችው፣ ማሽኑ በፈረንጅ ተቀበለው። ከዚያ ወዲህ የጧት ሁለት ሰዓታችን ሁሉ ማሽኑ ላይ የሌሊት ስምንት ሆኖ ተቀምጧል።

አልዋሽም፣ አንድ ክፉ ሐሳብ መጣብኝ። ሰዓቱን ዝም ብዬ ባስተካክለው፣ ቪዲዮውን ገልብጬ ብሄድ፣ ማንም አያውቅብኝም። ውሌ አይፈርስ፣ ስሜ አይነሣ። ቀና ስል አያ አለኸኝ በበሩ በኩል ይታዩኛል፤ ድንጋያቸው ላይ ናቸው። ካቻቢቴዬን አስቀምጬ «ኮሚቴውን ጥሪልኝ» አልኳት።

ከሰዓት በኋላ

የኮሚቴው ሰብሳቢ የደብሩ ካህን ቄስ ይሁኔ ናቸው። ከጸሐፊውና ከሌሎች ሁለት ገበሬዎች ጋር መጡ። ሁሉንም ተናገርኩ፤ ባትሪዋን፣ ስልኩን፣ ስንፍናዬን። ጸሐፊው ራሱን ነቀነቀ። «ለሽማግሌው አዝነህ ነው። ትናንት ማሽን አይዋሽም ስትሉን ነበር፣ ዛሬ ዋሸ ልትሉን ነው?» አለኝ። ልክ ነበር፤ እንደዚያ እያልኩ ነው የሸጥኩላቸው። በቴስተር የሞተችውን ባትሪ ለክቼ ባሳየውም ነገሩ አልገባለትም።

ቄስ ይሁኔ ግን ወደ ስክሪኑ ተጠግተው ነበር። «ይህች ከረጢቱ ላይ ያለች ነጭ ነገር ምንድን ናት?»

እኔ የመስተዋት እድፍ መስላኝ ነበር። «እድፍ ናት አባ» አልኩ።

«እስቲ ወደፊት ንዳው።»

ነዳሁት። እድፍ ቢሆን ኖሮ ባለበት ይቀር ነበር። ነጯ ነገር ግን ቀስ እያለች ከአንዱ ከረጢት ወደ ሌላው ተሻገረች፣ ከዚያም መሬት ወረደች። ቄስ ይሁኔ ወደ ጣሪያው አንጋጠጡ። ቆርቆሮው ላይ ሚስማር የተነቀለበት አንድ ቀዳዳ አለ፤ ከዚያ የወረደ ብርሃን መሬቱ ላይ ሳንቲም አክሎ ተቀምጧል።

«ፀሐይ እኮ ናት!» አሉ። «በስምንት ሰዓት ሌሊት ፀሐይ ከየት ትመጣለች?»

ጸሐፊው ቪዲዮውን ራሱ ወደ ኋላ መልሶ አየው፤ ደግሞ አየው። ከዚያ ወጣና አያ አለኸኝን «ይግቡ» አላቸው። ሦስቱ ከረጢት የት እንደገባ እኔ እስካሁን አላውቅም፤ ቆጠራው ይደገም ተባለ። እኔ የማውቀው አንድ ነገር ነው፤ አሮጊቷን ስለረዱ ነው ሌባ የተባሉት።

«ነገ ማታ ሥራህን ትይዛለህ» አሏቸው ቄስ ይሁኔ።

«እይዛለሁ አባ። ግን ስሜ የጠፋው እዚህ መጋዘን ውስጥ አይደለም፣ ከቤተ ክርስቲያን ደጅ ነው።» ወደ እኔ ዞሩ። «ልጄ፣ ለእነዚህ የነገርኸውን ነገ እዚያ ትነግርልኛለህ?»

የመመለሻ ትኬት ቆርጬ ነበር። እሺ አልኩ። እስኪመሽ ባትሪዋን ቀየርኩ፣ ሰዓቱን ከስልኬ ጋር አስተካከልኩ፣ ከሥሩም «በፈረንጅ» ብዬ ወረቀት ለጠፍኩ። አይጥ የበላውን የበሩን ካሜራ ገመድም ቀየርኩ፤ እሱ ቢሠራ ኖሮ ያን ጧት አህያዋም ትታይ ነበር።

እሑድ

ከቅዳሴ በኋላ ቄስ ይሁኔ «ከፍኖተ ሰላም የመጣ ሰው የሚናገረው አለው» ብለው አቆሙኝ። ሰው ፊት መናገር አልችልበትም። «ካሜራውን የማየው እኔ ነኝ። መጥቼ መጠገን ሲገባኝ ሳልመጣ ቀረሁ። ሰዓቱ የተሳሳተው በእኔ ነው። አያ አለኸኝ ሌሊት አልገቡም» አልኩ። ሌላ ያሰብኩት ሁሉ ጠፋኝ።

ከሴቶቹ በኩል አንዲት አሮጊት፣ ባለ አህያዋ ይሁኑ ሌላ አላወቅሁም፣ ወጥተው አያ አለኸኝን ትከሻቸውን ሳሙ። ከዚያ ሌላው መጣ፤ ሰልፍ ሆነ። ሽማግሌው ለሁሉም ጎንበስ እያሉ «ግድ የለም፣ ግድ የለም» ይላሉ፤ ነጠላቸውን ዓይናቸው ላይ ይዘዋል። ሰልፉ ሲያልቅ እኔም ሄጄ ጉልበታቸውን ልስም ጎነበስኩ። ክንዴን ይዘው አነሡኝ። «በስድስት ወር ና» አሉኝ፣ «መሰላሉን እይዝልሃለሁ።»

ፍኖተ ሰላም የገባሁት አመሻሽ ላይ ነው። ባለቤቴ እራት እስክታቀርብ የጥገና ቅጾቼን አውጥቼ አልጋው ላይ ዘረጋሁ። «ተስተካክሏል» ብዬ በስልክ የዘጋኋቸውን ለየሁ፤ ከሽንዲው ሌላ አራት ሆኑ። አራቱም ቦታ በር ላይ ዘበኛ አለ፤ የአንዱንም ስም አላውቅም። ባለቤቴ ሳህኑን ይዛ መጣችና ወረቀቶቹን አይታ «ምን ሆነሃል?» አለችኝ። ሻንጣዬን እንዳታራግፊው አልኳት፤ ሰኞ ጎሕ ሲቀድ መናኸሪያ ነበርኩ።