በጋሽ ሰይድ ክንድ ላይ የነበሩ ሰዓቶች

ሥራ የጀመርኩ ዕለት ጋሽ ሰይድ ያስተማሩኝ ላብ መጥረግ ነበር። የመንግሥት እርሻ ላይ ትራክተር እግሬን ሰብሮኝ፣ ተቀምጦ የሚሠራ ሥራ ስፈልግ ነው ሸዋ ሮቢት አውራ ጎዳና ዳር ካለችው ጠባብ የሰዓት መጠገኛቸው የገባሁት። አንድ የሞተ ሰዓት ከፊቴ አስቀመጡና ፎጣ ሰጡኝ።

«ዛሬ ምንም አትነካም። ግንባርህን እየጠረግህ ዝም ብለህ እየው። በዚህ ቆላ ሰዓት የሚገድለው አቧራ አይደለም፤ ከሠሪው ግንባር የምትወርድ ጠብታ ናት። ጨው ናት፤ ብረቱን ትበላዋለች» አሉኝ።

ቀስ በቀስ ካቻቢቴና ወረንጦ ያዝኩ። መክፈት፣ በቤንዚን ማጠብ፣ በመርፌ ጫፍ ዘይት ማስነካት ተማርኩ። እሳቸው ዋና ሠሪ፣ እኔ ረዳት ነበርን። በእጅ የሚሞሉትን ሰዓቶች ለእኔ ተዉልኝ። አውቶማቲክ ሲመጣ ግን ወንበራቸውን ሳብ አድርገው «ቢስሚላህ» ይሉና ራሳቸው ይከፍቱታል።

አውቶማቲክ ሰዓት ባትሪ የለውም፤ በየቀኑ ሙሉኝም አይልም። ውስጡ ግማሽ ክብ የሆነች ከባድ ብረት አለች። ክንድ በተንቀሳቀሰ ቁጥር እሷ እየዞረች ሞላውን ታጠብቃለች። አውልቀው ካስቀመጡት ውሎ አድሮ ይቆማል። ጋሽ ሰይድ ይህን ነገር ይወዱት ነበር። የአሰብ መስመር ሾፌሮች ከወደብ ያመጡትን፣ የማጀቴና የካራቆሬ ነጋዴዎች አልሠራ ብሏቸው ሳጥን ውስጥ የጣሉትን አሮጌ አውቶማቲክ ሁሉ ይሰበስባሉ። የአንዱን ጥርስ ለሌላው እየሰጡ ነፍስ ይዘሩባቸዋል። አይሸጧቸውም።

ዘይቱ እንዳይደርቅ ብለው በተራ ያስሯቸዋል። ጠዋት ጠዋት በሁለቱም ክንዳቸው እስከ ክርናቸው ድረስ ሰዓት ደርድረው፣ እጅጌያቸውን አውርደው ገበያውን ይዞራሉ። ሰው ሁሉ ይቀልድባቸዋል። «ጋሽ ሰይድ፣ ስንት ሰዓት ነው?» ሲሏቸው «በየትኛው ልንገርህ?» ይላሉ። እኔም ተለከፍኩ። በገበያ ቀን በጭነት መኪና እየተሳፈርኩ ካራቆሬ እሄድና የሚሸጥ አሮጌ አውቶማቲክ ፍለጋ የሰው እጅ አንጓ እያየሁ ስዞር እውል ጀመር።

መናኸሪያው አጠገብ ሽንኩርት የሚሸጡ እትዬ የሺ የሚባሉ ሴት ነበሩ። ልጃቸው ዳዊት የጭነት መኪና ረዳት ሆኖ አሰብ ሲመላለስ አንድ የጃፓን አውቶማቲክ ገዝቶ ነበር። ለብሔራዊ ውትድርና ሲወስዱት ሰዓቱን ለእናቱ ትቶ ሄደ። ብዙም ሳይቆይ እትዬ የሺ ሰዓቱን በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው እየሮጡ መጡ።

«ልጄ ከሄደ ወዲህ ቀጥ አለብኝ! ምን ሊያሰማኝ ነው?»

ጋሽ ሰይድ ተቀብለው ወዝወዝ አደረጉት። መሄድ ጀመረ።

«አልተበላሸም፤ ክንድ አጥቶ ነው። እጅዎ ላይ ያድርጉት» አሏቸው።

«እኔ በዚህ የሽንኩርት እጄ? አንቱ ያድርጉልኝ እንጂ። ልጄ እስኪመለስ አይቁምብኝ። አደራ፣ ጋሽ ሰይድ።»

ጋሽ ሰይድ የጀርባ ክዳኑን ከፍተው በውስጥ በኩል የእትዬ የሺን ስም መጀመሪያ «የ» ብለው በመርፌ ጫሩበት። ሌሎቹ ሰዓቶች ተራ ይጠብቃሉ፤ የዳዊት ግን ከግራ አንጓቸው ወርዶ አያውቅም ነበር።

ቀበሌው አዲስ ሊቀመንበር ተሾመለት። አንድ ጠዋት ከአብዮት ጠባቂዎች ጋር ሱቃችን ገባ።

«ሰፊው ሕዝብ ሰዓት የለውም፣ እዚህ አንድ ሰው ይህን ሁሉ ያከማቻል። አንድ ሰው ስንት እጅ አለው?»

«ሁለት» አሉ ጋሽ ሰይድ።

ጠባቂዎቹ ሳቁ። ሊቀመንበሩ አልሳቀም። «እጅጌህን ሰብስብ» አላቸው። እስከዚያ ቀን ድረስ አንቱ ነበር የሚላቸው።

ተራ የሚጠብቁትን ሰዓቶች ከነሳጥናቸው ወሰዱ፣ ከዚያ ክንዳቸውን ያራግፉ ጀመር። የዳዊት ሰዓት ላይ ሲደርሱ ጋሽ ሰይድ በሌላው እጃቸው ሸፈኑት። «ይሄ የኔ አይደለም። ወላሂ የሰው አደራ ነው። ልጁ ግንባር ነው ያለው።» ጠባቂው ጣታቸውን አንድ በአንድ ፈልቅቆ ወሰደው። ክንዳቸው ላይ የማሰሪያዎቹ ምልክት ብቻ ተደርድሮ ቀረ። ጋሽ ሰይድ ከዚያው ተነስተው መናኸሪያ ሄዱና ለእትዬ የሺ መወሰዱን ነገሯቸው።

ጥቂት ሰንብቶ ሊቀመንበሩ አንድ ሰዓት ይዞ መጣ። ላብ ገብቶበት መስታወቱ ጭጋግ ለብሷል። ጋሽ ሰይድ ክዳኑን ሲከፍቱ አንገቴን አስግጌ አየሁ፤ «የ» እዚያው አለች። አጠቡት፣ አደረቁት፣ ዘይት አስነኩት። ሲመልሱለት ብቻ «ጓድ ሊቀመንበር፣ ይህ የእትዬ የሺ ልጅ ሰዓት ነው» አሉት።

«ልጅየው ይምጣና ይጠይቀኛ» ብሎ አስሮት ወጣ።

ጋሽ ሰይድ ይህንንም ለእትዬ የሺ ሊነግሯቸው ሲነሱ «ይቅርብዎ፣ ዝም ይበሉ» ብዬ ለመንኳቸው።

«አደራዬን በላ ብላ ከምታዝንብኝ የመጣው ይምጣ። አላህ የሚጠይቀው እኔን ነው» አሉኝ።

በተከታዩ የቀበሌ ስብሰባ ላይ እትዬ የሺ ከኋላ ወንበር ብድግ አሉ።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ ስንት ሰዓት ሆነ?»

ሳያስበው ክንዱን አነሳ። «አራት ተኩል።»

«ተመስገን፣ የልጄ ሰዓት አልቆመም። በል አሁን አውልቀህ ስጠኝ።»

ሊቀመንበሩ ክንዱን ከጠረጴዛው ሥር አወረደና «ስብሰባው ተዘግቷል» አለ። ሁላችንም አንገታችንን ደፍተን ወጣን።

እሳቸውን የዘማች እናት ናቸውና አልነኳቸውም። በማግስቱ ፀረ አብዮት ወሬ ነዝተሃል ተብለው የታሰሩት ጋሽ ሰይድ ናቸው። ስንቅ የማመላልሰው እኔ ነበርኩ። ሲፈቱ ቀኝ እጃቸው ወረንጦ መጨበጥ አልቻለም። ምን እንዳደረጓቸው አልጠየቅኳቸውም፤ እሳቸውም አልነገሩኝም። ከዚያ ወዲህ እኔ እየሠራሁ እሳቸው ደጅ ተቀምጠው መኪና ሲያልፍ ያዩ ነበር። የመንግሥቱን መውደቅ ሳያዩ ሞቱ። እትዬ የሺንም በዚያው ዓመት ወባ ወሰዳቸው።

ሊቀመንበሩ መንግሥት ሲለወጥ ጠፋ። የቀበሌው መጋዘን ሲከፈት ገብቼ ፈለግሁ፤ አንድም ሰዓት አላገኘሁም።

ዳዊት ተመለሰ። ከስቶ፣ ጠቁሮ፣ ግን በሕይወት። ሱቁ በር ላይ ቆሞ «እናቴ ሰዓቴን እዚህ ነው ያስቀመጠችው ይሉኛል» አለኝ። የሆነውን ሁሉ ነገርኩት። አዳምጦኝ ሲያበቃ «ሸጣችሁት ነው የሚባለው» አለ።

እጁን ይዤ ያን ቀን አዳራሹ ውስጥ የነበሩ ሰዎች ቤት ዞርኩ። አንዱ ታምሜ ቀርቼ ነበር አለ። ሌላው ከኋላ ስለነበርኩ አልሰማሁም አለ። ሦስተኛዋ ምን ሰዓት ብላ እኔኑ ጠየቀችኝ። እኔ ራሴ ከሰበሰብኳቸው ሰዓቶች የወደደውን እንዲመርጥ ለመንኩት። «የራሴን ነው የምፈልገው» ብሎ ሄደ። እስከ ዛሬ መንገድ ላይ ስንገናኝ ሰላም አይለኝም።

በዚህ ሥራ ላይ ላላችሁ የምላችሁ አንድ ነገር ነው። የሰው ሰዓት ስትጠግኑ በዕለቱ ለባለቤቱ መልሱ። አደራ አትቀበሉ።