ሳጥን ውስጥ የሞተ ባትሪ

የእድራችን ሳጥን ሦስት ቁልፍ አለው። ሦስቱ በሦስት ሰው ኪስ ነው የሚቀመጡት፤ ሦስቱ ሰዎች ካልተገናኙ ሳጥኑ አይከፈትም። ይህን ያወጡት አባቶቻችን ሞኞች አልነበሩም። ብር ሳጥን ውስጥ ቢቆለፍበት አይሞትም። ባትሪ ግን ይሞታል። ይቺን ለማስረዳት የጮህኩትን ያህል በዕድሜዬ ጮኼ አላውቅም።

ነገሩ እንዲህ ነው። አዲስ አበባ ያሉ የመንደራችን ልጆች ለእድሩ ድሮን ገዝተው ላኩ። መስቀሉን፣ ሠርጉን፣ የሚሠራውን መንገድ ከላይ እንድንቀርጽላቸው ብለው ነው። ወልቂጤ ትንሽ ፎቶ ቤት ስላለኝ ማብረሩን እኔ ተማርኩ፤ ፈቃዱንም ወረዳ ተመላልሼ፣ ደጅ ጠንቼ አወጣሁ። ዕቃው በማን እጅ ይቀመጥ ሲባል ግን ኮሚቴው እንደ ሳጥኑ ቁልፍ ከፋፈለው። ድሮኑ ወልቂጤ እኔ ጋ። የድሮኑ ባትሪዎች መንደር ከሚኖረው ጸሐፊ ጋ። ሪሞቱ ደግሞ ቡታጅራ ከሚነግደው ገንዘብ ያዥ ጋ። «ማንም ብቻውን እንዳያበር ነው» ተባለ።

ማንም ያሉት እኔን ነው። ፊደል የቆጠርኩት ጢም ካወጣሁ በኋላ፣ በማታ ትምህርት፣ ቀን ሕፃናት በሚቀመጡበት ወንበር ላይ ጉልበቴን አጣጥፌ ነው። ይህን የማያውቅ የእድር አባል የለም። እኔ በተናገርኩ ቁጥር አንዱ አንዱን በክርኑ ነካ ሲያደርግ አያለሁ። አያለሁ፣ ዝም እላለሁ። ዘንድሮ ግን ዝም የምልበት ነገር አልነበረም፤ ነገሩ የእናቴ ደጅ ሆነ።

እናቴ የምትኖረው ከአገና ወጣ ብሎ፣ ጀፎረ ዳር ነው። ጀፎረ ማለት በሁለት ረድፍ ቤቶች መካከል የሚዘረጋ ሰፊ የሣር መንገድ ነው። ከብት ይውልበታል፣ ሠርግ ይጨፈርበታል፣ ሬሳ ይለቀስበታል። የማንም አይደለም፣ የሁሉም ነው፤ ስለዚህም ሌባ አያጣም። የእናቴ ጎረቤት አዲስ አበባ ነግዶ የከበረ ሰው ነው። በየመስቀሉ ይመጣል፣ ሰንጋ ይጥላል፣ ጎረቤቱን ክትፎ ያበላል፣ ከዚያ አጥሩን ትንሽ ወደ ጀፎረው ገፋ አድርጎ ይመለሳል። ከአጥሩ ውጭ የባሕር ዛፍ ችግኝ ይተክላል፤ በዓመቱ ችግኙ አጥር ውስጥ ገብቶ ይገኛል። እናቴ በገዛ ደጇ ጥጃዋን የምታስርበት ሣር አጣች።

ለሽማግሌዎች ሁለት ጊዜ ተናግራለች። መጡ፣ ቆመው አዩ። ከመሬት ሲያዩት አጥሩ ቀጥ ያለ ይመስላል፤ ቀስ እያለ በረጅሙ ነው የጎበጠው። መንደሩ ሁሉ አዶት፣ እናት ለማለት፣ ነው የሚላት፤ «አዶት፣ ዐይንሽ ደክሟል» አሏትና መርቀዋት ሄዱ። የበሉት ክትፎ ገና ከጢማቸው አልደረቀም ነበር።

ዘንድሮ ለመጨረሻ ጊዜ እንቀመጣለን አሉ፤ በመስቀል ማግስት፣ ጎረቤቱ ወደ አዲስ አበባ ሳይመለስ። ያ ቀን ካለፈ አለቀ። እኔም ከላይ ቀርጬ አሳያቸዋለሁ፣ ጉብጠቱ ይታያል ብዬ ሪሞቱን ለማምጣት ተራራውን አቋርጬ ቡታጅራ ወረድኩ።

ገንዘብ ያዡ ሱቁ ውስጥ በበርበሬ ጆንያዎች መሐል ተቀምጧል።

«አሰላሙ አለይኩም» አልኩት።

«ወአለይኩም ሰላም! ፓይለቱ መጣ! ና ግባ።»

የሱቁን ሳጥን ከፈተ። ጋቢ አወጣ። ከጋቢው ውስጥ ፌስታል ወጣ፤ ከፌስታሉ ውስጥ ሌላ ፌስታል፤ ከዚያ ውስጥ በላስቲክ ተጠቅልሎ በክር የታሰረ ሪሞት። እንደ ተገነዘ ሬሳ።

«ከተረከብኩት ጀምሮ ወላሂ ጣቴ አላረፈበትም» አለኝ ደረቱን ነፍቶ።

ማብሪያውን ተጫንኩ። ዝም። ደግሜ ተጫንኩ። ዝም። ከሱቁ ሶኬት ላይ ሰካሁት፤ ቦግ አለ።

«ይኸው ይሠራል!»

ኬብሉን ነቀልኩ። ድርግም።

«ቻርጅ አድርገኸው ታውቃለህ?»

«ምን በወጣኝ? አደራ አይደል እንዴ! የአደራ ዕቃ ይነካል?»

ምን ትለዋለህ? ሰውዬው ሌባ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ሌባ ቢሆን ይጠቀምበት ነበር፤ ቢጠቀምበት ባትሪው በሕይወት ይኖር ነበር። ኬብል ቀየርኩ፣ ቻርጀር ቀየርኩ፣ ጠዋት የሰካሁትን ከሰዓት በኋላ ነቀልኩ። የመጀመሪያዋ መብራት ብልጭ ብልጭ ትላለች እንጂ ሁለተኛዋ አትበራም። በመጨረሻ ብሎኖቹን ፈትቼ ጀርባውን ከፈትኩት። ባትሪው እንደ ሙልሙል ተነፍቷል። ባዶውን ስለከረመ ሞቷል፤ ዳግም የማይነሣ ሞት። ይባስ ብሎ እንዳይፈነዳ ነቅዬ አወጣሁት። ያለ ባትሪ ሲሰካ ይበራል፤ ሲነቀል ይጠፋል። በገመድ እንደታሰረ ፍየል ሆነ።

«ነካክተህ አበላሸኸው!» አለኝ ገንዘብ ያዡ። «ፊደል የቆጠርከው ትናንት፣ ዛሬ መሐንዲስ ሆንክ?»

«አንተ ደግሞ ከልጅነትህ ቆጥረህ ምን አነበብክ?» አልኩት። ቡናዬን ሳልጠጣ ወጣሁ። ቡታጅራ አንድ ስልክ ሠሪ የስልክ ባትሪ ላስርልህ ብሎ ሞከረ፤ ሽቦው ሲጨስ ነጥቄው ሄድኩ። አዲስ አበባ እንዳልደውል፣ ይህን ዕቃ የሚሸጡልን ሰዎች የእኛው አገር ልጆች ናቸው፤ ሱቃቸውን ዘግተው ለመስቀል አገር ቤት ገብተዋል። አንዱ ስልኩን አንሥቶ «እኔም እኮ ክትፎ ላይ ነኝ» አለኝ።

ይሁን፣ ከእናቴ ቤት ሶኬት ኬብል አስረዝሜ አበራዋለሁ አልኩ። መንደር ስደርስ መብራት ጠፍቷል። ከበዓሉ ዋዜማ ጀምሮ ጠፍቶ የመንደሩ ፓወር ባንክ ሁሉ ባዶ ሆኗል። ከወልቂጤ ያመጣሁት የራሴው ሪሞቱን ያበራና ወዲያው ይጠፋል፤ ለስልክ እንጂ ለዚህ አቅም የለውም። የድሮኑ ባትሪዎች ግን ሙሉ ነበሩ። ጸሐፊው መብራታቸው ሲደረደር ማየት ስለሚወድ፣ መብራት በመጣ ቁጥር ይሰካቸው ነበር። የእድሩን ንብረት ያዳነው ኮሚቴው ሳይሆን የዚህ ሰው ጨዋታ መውደድ ነው።

ሽማግሌዎቹ ጀፎረው ዳር ካለው ዝግባ ሥር ተቀመጡ። ጎረቤቱ መኪናውን ጀፎረው ላይ፣ የከብቱ ሣር ላይ አቁሞ መጣ። እኔ ከሪሞቱ ጋር ስታገል አይቶ ሳቀ።

«ምነው፣ አልወለድ አለህ?»

«ባትሪው ሞቷል» አልኩ። ውሸት ምን ያደርግልኛል።

ከሽማግሌዎቹ በዕድሜ ትልቁ ሁላችንንም አየና ወደ ጎረቤቱ ዞረ። «አንተ፣ መኪናህ መብራት ይሰጣል?»

«ለስልኬም ለላፕቶፔም ይሰጣል፣ አባ።»

«እንግዲያው ለዚህም ይስጥ።»

«የኔ መኪና የሱን አሻንጉሊት ጡት ታጥባ እንዴ?» ሰው ሳቀ፤ እሱም ሳቁን ወደደው። «ይሁን እሺ፣ በመስቀል ማን ይከለከላል! ደግሞ ምንም ቢሆን አይነሣም።»

ሞተሩን አስነሣው፤ እኔ በመኪናው በር ቁጢጥ አልኩ። የወንበሩ ላስቲክ ገና አልተነሣም። ሰካሁ፤ ሪሞቱ በራ፤ ስልኬን አያያዝኩ፤ ድሮኑ ከሣሩ ተነሣ። ከብቶቹ በረገጉ። ሽማግሌዎቹ ተነሥተው በስልኬ ላይ ተደፉ፤ የትንባሆና የቅቤ ሽታቸው አፈነኝ። ጀፎረው ከላይ እስከ ታች ተዘርግቶ ታየ።

ትልቁ ሽማግሌ በጥፍሩ ስልኩን ነካ። «ይቺ የማን ናት?»

«የእናቴ ደጅ።»

«ይቺስ፣ ሆዷ የተነፋው?»

«የሱ አጥር።»

ማንም አልሳቀም። ጎረቤቱ አንገቱን አስግጎ አየ። ፊቱ ተለወጠ። «በቃ፣ ነዳጄን ጨረሳችሁት» አለና በእኔ ላይ ተንጠራርቶ ሞተሩን አጠፋ።

ሪሞቱ በእጄ ላይ ጨለመ። ድሮኑ ሰማይ ላይ ቀረ።

«የእድሩ ንብረት ወደቀ!» ብሎ ጸሐፊው ጮኸ። ግንኙነቱ ከተቋረጠ ወደ ተነሣበት እንዲመለስ አድርጌ ነበር ያስነሣሁት፤ ልቤ ግን አላመነም። ሁላችንም አንጋጥጠን ቆመን ሳለ እያጓራ መጣና ከተነሣበት ሣር ላይ ተቀመጠ።

ትልቁ ሽማግሌ ወደ ጎረቤቱ ዞረ። «መኪናህን አጠፋህ። ያየነውን ግን አታጠፋውም። ከዚህ ሳትሄድ አጥርህን ትመልሳለህ፤ ችግኙንም ትነቅላለህ።»

«በጎረቤት ላይ ሰማይ ወጥቶ መሰለል ነውር ነው!» አለ ሰውዬው።

እናቴ ያን ሁሉ ጊዜ በደጇ ቆማ ነበር። ትልቁ ሽማግሌ ሊመርቃት ሄደ። «አዶት፣ እውነትሽን ነው» አላት።

«ዛሬ ነው እውነቴ?» አለችው። «እኔ ስናገር ዐይንሽ ደክሟል አላችሁኝ። ይሄ ብረት ሲናገር አመናችሁ። በየጠዋቱ በደጄ የማየውን አጥር ለማየት ሰማይ መውጣት ነበረባችሁ? አንድ ቀን እዚህ እኔ በቆምኩበት ብትቆሙ ምን ነበረበት?»

ሽማግሌው እጁ ለምርቃት እንደተዘረጋ ቀረ። አሸነፍን ብዬ ልስቅ ነበር እኮ፤ ሳቁን ትቼ ድሮኑን ከሣሩ ላይ አነሣሁ።

ጸሐፊው በዚህ መሐል ሪሞቱን አንሥቶ ያንኑ ላስቲክ መጠቅለል ጀምሯል። «ለገንዘብ ያዡ ይመለስ። አደራ ነው» አለ። ነጠቅኩት። ላስቲኩን በጥርሴ ቀደድኩት። «ይሄ እንደገና ሳጥን አይገባም! የፈለገ ወልቂጤ መጥቶ ይክሰሰኝ» አልኩ። ለስብሰባ ጠርተውኛል። እሄዳለሁ፤ ሪሞቱ ግን አዲስ ባትሪ ገብቶለት ፎቶ ቤቴ ውስጥ፣ ሰው ሁሉ እያየው፣ ሶኬት አጠገብ ነው ያለው።

አጥሩ በማግስቱ ተነቀለ። ጎረቤቱ መኪናው ውስጥ መስኮቱን ዘግቶ ተቀምጦ፣ የቀን ሠራተኞች ነቀሉለት። የግንዶቹ ጉድጓድ ገና ሳይደፈን እናቴ ማንንም ሳታይ፣ ማንንም ሳታመሰግን ጥጃዋን እየጎተተች መጣች፤ ችካሉን ከጉድጓዶቹ በአንዱ ተክላ፣ በእግሯ አፈር መልሳ ረገጠችው።