ቀን እየዘለለች የዋጠችው ክኒን

የጤና ጣቢያውን የአራት ቁጥር ክፍል ነርስ ሁሉም ሰው «ሲስተር» ነው የሚላት። በዚያች ጠባብ ክፍል አንድ ጠረጴዛ፣ ሁለት ወንበርና አንድ የደም ግፊት መለኪያ ይዛ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የወሊድ መቆጣጠሪያ ስታዝ ኖራለች። እጇ ፈጣን ነው። ግፊት ትለካለች፣ ሁለት ሦስት ነገር ትጠይቃለች፣ ማዘዣ ትጽፋለች፣ «ቀጣይ!» ትላለች። ሰልፉ ኮሪደሩን አልፎ ደረጃው ድረስ ስለሚወርድ ወሬ ለማብዛት ጊዜ የላትም።

አንድ ሰኞ ጠዋት ልብስ ሰፊዋ ገባች። ከጤና ጣቢያው ጀርባ ባለው ፋብሪካ የሸሚዝ ኮሌታ ስትሰፋ የምትውል፣ የአራት ልጆች እናት ናት። የመጨረሻውን ስትወልድ ደም ፈሷት ከሞት አፋፍ ነው የተመለሰችው። ሐኪሙ «ከእንግዲህ እርግዝና ለነፍስሽ ያሰጋል» ብሏት ስለነበር ክኒኑን የጻፈችላት ራሷ ሲስተር ናት።

ልብስ ሰፊዋ የወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀምጣ መሬት መሬቱን ታያለች።

«ሲስተር፣ አይቆጡኝ። የወር አበባዬ ከቀረ ሁለት ወር አለፈው።»

ሲስተር ምርመራውን አሠራች። ውጤቱ እርግዝና ነበር።

«ክኒኑን አልወሰድሽም እንዴ?»

«ወስጃለሁ።»

«በየቀኑ?»

ልብስ ሰፊዋ ቦርሳዋን ከፍታ የክኒኑን ማሸጊያ ጠረጴዛው ላይ አኖረች። አንዱ ጉድጓድ ባዶ፣ አጠገቡ ያለው ሙሉ፣ ቀጥሎ ያለው ደግሞ ባዶ። ጥርሱን የሚቀይር ልጅ አፍ ይመስላል።

«ቀን እየዘለልኩ ነው የምውጠው» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «የአንድ ወሩ ለሁለት ወር እንዲበቃኝ ብዬ። ባለቤቴ ሥራ ከፈታ ወዲህ አልቻልኩም። ጨርሶ ከማቆም ይሻላል ብዬ ነው።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«አፍሬ ነዋ! ያ ሁሉ ሰው በሩ ላይ ቆሞ እየሰማኝ ምን ብዬ ልንገርዎ?»

 ሲስተር በዚያኑ ቀን ወደ ሆስፒታል ጻፈችላት። እዚያ አደጋውንም ምርጫውንም አስረዷት፤ እሷ ግን ከባሏ ጋር ተማክራ ጽንሱን ለማቆየት ወሰነች።

በምሳ ሰዓት ሲስተር ማሸጊያውን ይዛ መንገዱን ተሻገረችና ፋርማሲ ገባች። ሸበቶው ፋርማሲስት መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቀለ።

«ይኼ ክኒን ውድ ነው እንዴ?» አለችው።

«ለአንቺ ላይሆን ይችላል። ለስፌት ሠራተኛ ግን እሳት ነው።» ከመደርደሪያው ሌላ ማሸጊያ አወረደ። «ይኼም ያው መድኃኒት ነው። ልዩነቱ ካርቶኑ ላይ ነው፤ ካርቶን የሚውጥ ሰው ደግሞ እስካሁን አላጋጠመኝም። ዋጋው የዚያን ሩብ አይሞላም።»

«ታዲያ ለምን ይኼንን አትሰጣቸውም?»

«የጻፍሽውን ነዋ የምሰጠው! የመድኃኒቱን ስም ትተሽ የካርቶኑን ስም ነው የምትጽፊው። ዋጋውንስ ጠይቀሽኝ ታውቂያለሽ?»

አታውቅም። ወደ ክፍሏ ስትመለስ ሰው ሰላም ሲላት እንኳ አልሰማችም። ከዚያ ቀን ጀምሮ የምትጽፈውን ስም ቀየረች፤ ነገሩም በዚህ የሚያበቃ መስሏት ነበር።

ልብስ ሰፊዋን በስምንተኛ ወሯ ምጥ ያዛት። የተፈራው አልቀረም፤ ደሙ አልቆም አለ። ነፍሷን ለማትረፍ ማህፀኗን አወጡት። ሕፃኗ ሴት ነበረች፤ አንድ ቀን ተኩል ኖረች።

ሲስተር ሆስፒታል ሄዳ አልጋው አጠገብ ተቀመጠች። 

«ጥፋቱ የእኔ ነው» አለች። «አንዲት ጥያቄ ጠይቄሽ ቢሆን ኖሮ...»

«እኔስ መች ተናገርኩ?» ልብስ ሰፊዋ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። «ስም ሳናወጣላት ሄደች» አለች።

ሲስተር እጇን ያዘቻት። ሁለቱም አለቀሱ።

ልትወጣ ስትነሣ ልብስ ሰፊዋ ጠራቻት። «ፋብሪካ ውስጥ እንደ እኔ የሚዘሉ ሞልተዋል፣ ሲስተር። ለማንም አይናገሩም። እርስዎ ይጠይቋቸው።»

በማግስቱ ሲስተር የጤና ቢሮውን መድኃኒት መጋዘን በር አንኳኳች። ክኒን በነፃ የሚታደልበት መንገድ ይኖር እንደሆነ ጠየቀች። የመጋዘኑ ኃላፊ መዝገቡን አገላብጦ ራሱን ነቀነቀ።

«አለ እንጂ። ከእናንተ ጣቢያ ግን የጠየቀ ሰው የለም። ባለፈው ዓመት ጊዜው አልፎበት ብዙ ካርቶን አስወገድን።»

የሚያስፈልገው በመጠየቂያ ቅጹ ላይ የጤና ጣቢያው ሐኪም ፊርማ ብቻ ነበር። ሐኪሙ ቅጹን ገፋ አደረገው።

«ሲስተር፣ እኛ ሐኪሞች እንጂ የሰው ኪስ ፈታሾች አይደለንም። ይኼ የአስተዳደር ሥራ ነው።»

«ዶክተር፣ ኪሷን ባለመጠየቄ ነው ያቺ ሴት ማህፀኗን ያጣችው። ልጇንም ጭምር።»

ሐኪሙ ቀና ብሎ አያት። ከዚያ እስክሪብቶውን አነሣና ፈረመ።

አሁን ሲስተር በሩን ሳትዘጋ አንዲትም ሴት አታናግርም። ግፊት ከመለካቷ በፊት፣ «መድኃኒቱን መግዛት ይከብድሻል? እውነቱን ንገሪኝ፤ እዚህ የሚያሳፍር ነገር የለም» ትላለች። ከሥራ ቀርተው መምጣት ለሚከብዳቸው የሦስት ወሩን በአንዴ ትሰጣቸዋለች። ነፃው ክኒን ሲቋረጥ ርካሹን ትጽፋለች፤ ይኼም ከከበዳት ጋር ሌላ ዘዴ ትመካከራለች። ሰልፉ ረዝሟል። «ምን ያወራሉ ውስጥ?» እያለ የሚያጉረመርም አይጠፋም።

ከጥቂት ወራት በኋላ፣ በምሳ ዕረፍት፣ ስድስት የፋብሪካ ሴቶች ክር እንደተንጠለጠለባቸው ተከታትለው መጡ። ሲስተር አንድ በአንድ አስገባቻቸው። አራቱ ክኒኑን ቀን ሲዘሉ የኖሩ ናቸው።

«ማን ላካችሁ?» አለቻት የመጨረሻዋን።

«ውጭ ናት። ግቢ ብንላት እምቢ አለች።»

ሲስተር በሩን ከፍታ ወጣች። ልብስ ሰፊዋ ኮሪደሩ ላይ ባለው አግዳሚ ወንበር ተቀምጣ እጆቿን ጭኗ ላይ አጣምራለች። ሲስተር ተጨማሪ ሰው አልጠራችም፤ ሄዳ አጠገቧ ተቀመጠች።