ለአንድ ሰው የሚሆን ገበታ

ኪዳን አሜሪካ ባለችው አሌክሳንድሪያ ውስጥ ለሆቴሎች የሸክላ ዕቃ በሚያመርት አነስተኛ ፋብሪካ ቅርጽ ሠሪ ነው። ዲዛይነሮቹ የነደፉትን ሳህንና ኩባያ በጄሶ ይቀርጻል፤ ሌሎቹ ፈሳሹን ጭቃ ጄሶው ውስጥ ያፈሱታል። ጄሶው ውሃውን ሲመጠው ጭቃው ይረጋል፤ ከዚያ ወደ እቶን ይገባል። ኪዳን ዕድሜውን ሙሉ የሰው ሐሳብ ሲቀርጽ ኖረ እንጂ የኔ የሚለው አንድ ዕቃ አልነበረውም።

ሚስቱ የሺሀረግ ካረፈች ወዲህ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለው አፓርትመንት ሰፍቶታል። ልጁ ሰሊና ጀርመንታውን ከጓደኛዋ ከሃኒ ጋር ትኖራለች፤ አልፎ አልፎ ኮል ታደርግለታለች። ከሥራ ሲመለስ ቤልትዌይ የሚሉት አውራ ጎዳና ላይ ትራፊክ ቢይዘው አይከፋውም፤ ቤት ቢገባም የሚጠብቀው የለም።

ባለፈው ዓመት ፋብሪካው ኤግዚቢሽን አዘጋጀ። ኃላፊዋ ዲዛይነሩም ሠራተኛውም የፈለገውን ሠርቶ እንዲያቀርብ ጋበዘች። ኪዳን ምን እንደሚሠራ ሲያወጣ ሲያወርድ ሰነበተ። አንድ ቀን እራቱን በልቶ ሳህኑን ሲመልስ ልብ አለ፤ መደርደሪያው ላይ ያለው ሁሉ ለቤተሰብ የተሠራ ነው፤ እሱ የሚያነሳው ግን ሁልጊዜ ከላይ ያለውን ነው። የታችኞቹ አቧራ ለብሰዋል።

ለአንድ ሰው ብቻ የሚሆን ሠራ፤ ሳህን፣ ጎድጓዳ ሳህንና ኩባያ፣ አንዱ ባንዱ ውስጥ የሚቀመጥ። ጭቃ እሳት ሲነካው ይኮማተራልና የመጀመሪያው አልገጥም አለው፤ ሰበረው። ሌላውም ተወላገደ። በመጨረሻ ኩባያው ጎድጓዳው ውስጥ ኮሽ ሳይል ቁጭ ሲል፣ የሚያሳየው ሰው ፈልጎ ዞር አለ። ሁሉም ወጥተዋል።

በኤግዚቢሽኑ ቀን ሰሊና መጣች። ዕቃውን አይታ ፊቷ ተለዋወጠ።

«ዳዲ፣ ዲስ ኢዝ ሶ ሳድ» አለችው።

«ዕቃ ነው እኮ፤ ምኑ ያሳዝናል?»

«ሰው ምን ይላል? ልጁ ጥላው ሄደች ነው የሚሉት። ለምን ለሁለት ሰው አላደረግከውም?»

«በሁለተኛው ማን ይበላበታል ልጄ?»

የጠየቃት ተቆጥቶ አልነበረም። እሷ ግን የፓርኪንግ ሰዓቴ ሊያልቅ ነው ብላ ወጣች።

ከዚያ በኋላ አንዲት ምርኩዝ የያዙ አሜሪካዊት አሮጊት ኩባያውን አንስተው በሁለት እጃቸው ይዘውት ቆዩ። የት እንደሚሸጥም ጠየቁት። ሌሎችም ጠየቁ። ኃላፊዋ ወዲያው እንዲመረት አዘዘች፤ የፋብሪካው መደርደሪያም በኪዳን ሥራ ሞላ። መጀመሪያ ኮራ። እያደር ግን ዕቃዎቹ ሲታሸጉ ባየ ቁጥር፣ «ይሄ ሁሉ ሰው ብቻውን ነው እንዴ?» እያለ ይከፋው ጀመር።

በጸደይ ሰሊና ደወለች።

«ዳዲ፣ ለኔም አንድ ታመጣልኛለህ?»

«ለሃኒስ?»

«ሃኒ ሙቭ ካደረገች ቆየች።»

እሑድ ይዞላት ሄደ። የሃኒ ክፍል ባዶውን ነበር፤ ምንጣፉ ላይ የአልጋው እግር ቦታ ሰርጉዶ ቀርቷል።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«አንተስ ቤቱ እንደሰፋህ መቼ ነገርከኝ?»

ሩዝ ቀቅላ ነበር። ሌሎች ሳህኖች ነበሯት፤ ግን አላወጣችም። እሷ በሳህኑ፣ እሱ በጎድጓዳው በሉ፤ ውሃውን በአንዱ ኩባያ ተቀባበሉት። ሲመሽ ጃኬቱን አነሳ። እደር አላላችውም፤ እሱም ልደር አላላትም፤ መኪናው ድረስ ግን ሸኘችው።